ስለ ዴ ቫሌራ ለልጆቻችን ሙሉውን ንገሯቸው፦ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፣

ሰላምታችን በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኛ ደብሊን ውስጥ በኮሚኒቲያችን የቅዳሜ ትምህርት ቤት አማርኛና ታሪክ የምናስተምር መምህራን ነን። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው ጉዳዩ የወላጆችም የልጆችም ስለሆነ ነው።

ለዘንድሮው የአርበኞች ቀን በሚታተመው የልጆች መጽሔት ውስጥ ስለ አየርላንዱ መሪ ስለ ኤይመን ዴ ቫሌራ አንድ ምዕራፍ አዘጋጅተን ነበር። ምዕራፉ ከመጽሔቱ ተሰርዞ እንዲወጣ ወሰናችሁ። ውሳኔውን የሰማነው መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ያውም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ በተጻፈች አንድ መስመር። ሰውየው አወዛጋቢ ስለሆነ ይቅር ተብሏል ትላለች። ስብሰባ አልተጠራም። ጽሑፉን አንብቦ ይሄ ስህተት ነው፣ ይሄኛው ይስተካከል ያለንም ሰው የለም።

አወዛጋቢነቱማ እውነት ነው። ምዕራፉን የጻፍነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቅሬታችን የሚጀምረው ግን ከዘንድሮ አይደለም። ለዓመታት በዝግጅቶቻችን ላይ የዴ ቫሌራ ፎቶ ያለበት ፖስተር አዳራሹ ውስጥ ይሰቀል ነበር። ከሥሩ «የኢትዮጵያ ባለውለታ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። አምና አንድ አባት ከአየርላንዳዊት ባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ፖስተሩን ሲያዩ፣ ይህ ሰው እኮ ሂትለር ሲሞት ሄዶ ሐዘኑን የገለጸ ነው፣ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። በጨዋ አነጋገር ነው የጠየቁት። ከኮሚቴው የመለሰላቸው አልነበረም። በሚቀጥለው ዝግጅት ፖስተሩ የለም። አሁን ደግሞ ምዕራፉ የለም። ያኔ ያለ ማብራሪያ ሰቀላችሁት፣ አሁን ያለ ማብራሪያ አወረዳችሁት። በሁለቱም ጊዜ ልጆቻችን ስለ ሰውየው ምንም አልተማሩም።

ስለዚህ እዚሁ ደብዳቤ ላይ ምን እንደጻፍን እንናገር። ወላጆችም አንብበው ይፍረዱ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓ ናቸው።

ዴ ቫሌራ በ1882 ኒው ዮርክ ተወለደ። እናቱ አየርላንዳዊት ናት፣ አባቱ ስፔናዊ እንደነበር ይነገራል። ሕፃን ሳለ ወደ አየርላንድ ተልኮ ሊምሪክ ገጠር ውስጥ አያቱ ቤት አደገ። ሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ1916 በእንግሊዝ ላይ በተነሣው የፋሲካ አመፅ አንድ ጦር መርቶ ሞት ተፈረደበት፣ ግን ቅጣቱ ተለውጦለት ከሞት ተረፈ። እስካሁን ያለው ታሪክ ብዙም አያጣላም። ጠቡ የሚጀምረው በ1921 ነው። የነፃነት ጦርነቱን ለማስቆም ከእንግሊዝ ጋር ሲደራደሩ እሱ ደብሊን ቀርቶ እነ ማይክል ኮሊንስን ለንደን ላከ። ይዘው የመጡትን ውል ግን ተቃወመ። ፓርላማው ውሉን በ64 ለ57 ድምፅ ሲያጸድቅ እሱ ወጣ። ከወራት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ኮሊንስ ተገደለ። ወንድም ወንድሙን ገደለ። ዛሬም እዚህ አገር «ለምን ራሱ ለንደን አልሄደም?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ቡና ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ ይላል። የልጆቻችን ጓደኞች አያቶች በዚህ ጉዳይ ተቀያይመው የኖሩ ናቸው።

በ1932 በምርጫ ሥልጣን ያዘ። በተለያየ ጊዜ በድምሩ 21 ዓመት መንግሥት መራ። ከዚያም ከ1959 እስከ 1973 ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1975 በ92 ዓመቱ ሞተ።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን የጀኔቭ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን።

ሥልጣን በያዘበት ዓመት የመንግሥታት ማኅበር፣ ማለትም ሊግ ኦፍ ኔሽንስ፣ የምክር ቤት ሊቀመንበርነት ተራ ለአየርላንድ ደረሰ። በሴፕቴምበር 1932 ጉባኤውን ሲከፍት ትልልቆቹ መንግሥታት መስማት የማይፈልጉትን ነገር ነገራቸው። ሕጉ ኃያላኑ ላይ ካልሠራ ማኅበሩ አይቆምም ነው ያላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ ኤርትራና ሶማሊያ ላይ ጦሩን ሲያከማች ዴ ቫሌራ እንደገና ጀኔቭ ነበር። የመጨረሻው ፈተና መጥቷል አለ። ከመካከላችን ደካማዋ አገር እንኳ ነፃነቷን በግፍ ስትነጠቅ ዝም ካልን የማኅበሩ መሠረት ይናዳል አለ።

ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። አየርላንድ ያኔ አጥባቂ ካቶሊክ አገር ናት። ሮም ያለው መንግሥት ብዙ ወዳጅ ነበረው። ጣሊያን ላይ ማዕቀብ መጣል ደግሞ ከእንግሊዝ ጎን መሰለፍ ማለት ነው። ደብሊን በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጋር የለየለት የንግድ ጦርነት ውስጥ ናት። የአየርላንድ ከብት እንግሊዝ ወደብ ላይ ከባድ ቀረጥ ይጣልበታል፤ ገበሬው እያለቀሰ ነው። ተቃዋሚዎቹ በፓርላማ፣ እንግሊዝ ድጋፋችንን የምትፈልግ ከሆነ መጀመሪያ በምላሹ አንድ ነገር ትስጠን እንጂ ብለው ወተወቱት። እሱ እምቢ አለ። የኢትዮጵያን ነፃነት ለከብት ገበያ መደራደሪያ አላደርገውም የሚል አቋም ነው የያዘው። ጣሊያን ኦክቶበር 3, 1935 ወረረችን። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ አየርላንድ ማዕቀቡን በሕግ አጸደቀች።

ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚያዝያ 27, 1928 በእኛ አቆጣጠር የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ ጁን 30, 1936 ጀኔቭ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ዴ ቫሌራ ተነሣ። ከ50 በላይ መንግሥታት ቃል ገብተው ተጠቂውን ለዕጣው ጥለነዋል፣ ይህን በአደባባይ ማመን አለብን አለ። እኛ ራሳችን ወረራንና መከፋፈልን የቀመስን ትንሽ አገር ነን፣ ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕመም ከሌላው ይልቅ ይሰማን ይሆናል አለ። ዛሬ ኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነገ ማንኛችንም ላይ ሊደርስ ይችላል ብሎም አስጠነቀቀ።

ፖስተራችን ላይ ያለው ሰው ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ባለውለታ ቢባል አንከራከርም።

ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። በዚያው ጁን ወር፣ ጃንሆይ ከመናገራቸው በፊት፣ ዴ ቫሌራ ለገዛ ፓርላማው ማዕቀቡ ስላልሠራ መነሣት አለበት ብሎ ነበር። ማዕቀቡም በጁላይ ተነሣ። ከዚያ የካቲት 12 መጣ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረና አዲስ አበባ ለሦስት ቀን በደም ታጠበች። ግንቦት 1929 በእኛ አቆጣጠር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1937 ነው። እንግዲህ በዚያው በ1937 መጨረሻ ላይ የደብሊን መንግሥት ሮም ለሚልከው አዲስ መልእክተኛ የሹመት ደብዳቤ አዘጋጀ። ደብዳቤው የተጻፈው ለ«ኢጣሊያ ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነው። ለቪቶሪዮ ኢማኑኤል ማለት ነው። ለንደን እንኳ ለወረራው ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠችው በ1938 መገባደጃ ላይ ነው። ደብሊን ቀደመቻት።

ያን ደብዳቤ ሲጽፉ እነ ራስ አበበ አረጋይ ሸዋ ውስጥ፣ እነ በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ እየተዋጉ ነበር። ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። ኢትዮጵያ አልሞተችም ነበር። የመንግሥቱ መሪ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱንም ራሱ ደርቦ የያዘው ዴ ቫሌራ ነው። ሌላ ሰው ላይ ማላከክ አይቻልም።

አማራጭ አልነበረም እንዳይባል ሜክሲኮ አለች። ሜክሲኮም ያኔ ትልቅ ኃይል አልነበረችም፤ ከጎኗ አሜሪካን የሚያህል ጎረቤት ያላት አገር ናት። ወረራውን ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበለችም። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ልጆቻችን ክረምት አዲስ አበባ ሲሄዱ በታክሲ ያልፉበታል። ለምን የዴ ቫሌራ አደባባይ እንደሌለን አንድ ተማሪ ቢጠይቅ መልሱ እዚያ የሹመት ደብዳቤ ላይ አለ።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። ንግግሩ እውነተኛ ነበር፤ ድፍረትም ጠይቆታል። ደብዳቤው ደግሞ ያንኑ ንግግር የካደ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። የ1936ቱን ሰው ብቻ ግድግዳ ላይ ስንሰቅል የየካቲት 12 ሙታንን እንረሳለን። ሰውየውን ጭራሽ ስናወጣው ደግሞ ትልልቆቹ ሁሉ ዝም ባሉ ጊዜ የተናገረልንን ድምፅ እንረሳለን።

ወደ ሂትለሩ ጉዳይ እንምጣ። አምና የተጠየቀው እሱ ነውና መልስ ይገባዋል። ሜይ 2, 1945 ዴ ቫሌራ ደብሊን ወደሚገኘው የጀርመን መልእክተኛ ወደ ኤድዋርድ ሄምፔል ሄዶ ሐዘኑን ገለጸ። እውነት ነው። አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። ሩዝቬልት በኤፕሪል ሲሞት ፓርላማው ስብሰባውን በትኖ ሐዘኑን ገልጾ ነበር፤ እሱም ለአንዱ አድርጌ ለሌላው ብተው ነውር ነው፣ ሄምፔልም እዚህ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ሥነ ሥርዓት የጠበቀ ሰው ነው ብሎ አሰበ። ምክንያቱን ለልጆቹ እንነግራቸዋለን። ግን ምክንያት መኖሩ ትክክል አያደርገውም። በርገን ቤልሰን የሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነፃ የወጣው ከሳምንታት በፊት ነበር። ዓለም ሬሳውን አይቷል። በዚያ ሰዓት ፕሮቶኮል መጠበቅ ትልቅ የኅሊና ስህተት ነው ብለን እናምናለን። በ1937ም በ1945ም ያየነው አንድ ጠባይ ነው። ሰውየው መርሕ ሲናገር ያምራል፣ የመንግሥት ወግ ሲመጣበት ግን ከወጉ ኋላ የቆመውን የሰው ደም ማየት ያቅተዋል።

ይሄው ሰው ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ አይገቡም ያላቸውን 100 ያህል አይሁዳውያን ሕፃናት ይግቡ ብሎ የወሰነ ነው። የ1937ቱ ሕገ መንግሥቱ፣ በአውሮፓ አይሁድ በሚሳደዱበት ዘመን፣ የአይሁድን ጉባኤ በስም ጠቅሶ ዕውቅና ሰጥቷል። የደብሊን አይሁዶች በ1966 ናዝሬት አጠገብ በስሙ ደን ተክለውለታል። ጥፋቱን ለማለዘብ አይደለም የምንናገረው። አንድን ሰው በአንድ ቀን ሥራው ብቻ መጨረስ እንደማይቻል ልጆቹ ከዚህ በላይ የሚያዩበት ምሳሌ የለንም።

ያ ሕገ መንግሥት ራሱ እናቶቻችንን ይመለከታል። አንቀጽ 41 ላይ ሴት በቤት ውስጥ ባላት ሕይወት ለአገር ድጋፍ እንደምትሰጥ ይናገራል፤ መንግሥትም እናቶች በችግር ተገደው የቤታቸውን ኃላፊነት ትተው ሥራ እንዳይወጡ ይጥራል ይላል። በማርች 2024 ሕዝቡ እንዲቀይረው ተጠይቆ ማሻሻያው ወደቀ፤ ቃሉ ዛሬም አለ። ከማኅበራችን እናቶች ስንቶቹ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው ነው የሚተኙት? ሴት ልጆቻቸው ይህ አንቀጽ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው ማወቅ አለባቸው። ሕገ መንግሥቱ ፍቺንም ከልክሎ ነበር፤ የተፈቀደው በ1995 ሕዝበ ውሳኔ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሥራ አጥቶ ከዚህ አገር ተሰደደ። የዴ ቫሌራ መንግሥት በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሥልጣን ላይ ነበር። ስደት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ውሳኔያችሁ መሬት ላይ ምን እንዳደረገ እንንገራችሁ።

አንዲት ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ተማሪያችን የታሪክ ፕሮጀክት ደረሳት። አስተማሪዋ፣ አንቺ ኢትዮጵያዊት ስለሆንሽ ዴ ቫሌራ እናንተ ዘንድ እንዴት ይታያል ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ የምታውቀው ፖስተሩን ነው። የኢትዮጵያ ባለውለታ ነው ብላ ጻፈች። ከዚያ ራሷ ፍለጋ ስትገባ ያን የሹመት ደብዳቤ አገኘች። ቅዳሜ መጥታ፣ «ይህን ታውቁ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አለችን። ምዕራፉን እየጻፍነው እንደሆነ ነግረን አጽናናናት። አሁን ምዕራፉ ተከልክሏል። ምን እንበላት?

አያታቸው የካቲት 12 የተገደሉባቸው አንዲት እናት ደግሞ አሉ። የተከለከለውን ምዕራፍ አንብበነላቸው ነበር። ይህ ሰውዬ ከነጥፋቱም ከነበጎውም ይጻፍ፣ አያቴ የሞቱት እውነት ተደብቆ እንዲያምር አይደለም አሉን። እሳቸው ያልፈሩትን እናንተ ለምን እንደፈራችሁት አልገባንም።

ሌላው የሚያሳስበን ልማዱ ነው። ነገ የጃንሆይ ምዕራፍ ይመጣል። የ1935ቱን ጽናታቸውን ጽፈን የወሎን ረሃብ ስንጨምር ይሄም አወዛጋቢ ነው ሊባል ነው? የደርግ ዘመን ሲመጣስ? ከመካከላችን በቀይ ሽብር ወንድም ያጡ አሉ፤ በዚያው ዘመን ማንበብ የተማሩና መሬት ያገኙ ቤተሰቦችም አሉ። የሚያጣላውን ሁሉ እያወጣን ከሄድን የሚቀረው መጽሔት ባንዲራና ዶሮ ወጥ ብቻ ነው። ልጆቻችን የሚኖሩት ሰው ሁሉ በታሪኩ በሚከራከርበት አገር ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ወገን ማስረጃ እያነበቡ እንዲፈርዱ ይማራሉ። እኛ ጋ ሲመጡ ግን ወይ ፖስተር ወይ ባዶ ገጽ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ምዕራፉ ከመጽሔቱ የወጣበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡን። የትኛው አረፍተ ነገር እንደተሳሳተ ወይም እንደማይገባ ለይታችሁ ጻፉልን። ስህተት ካገኛችሁ እናርመዋለን። አወዛጋቢ ነው የሚለውን ብቻ ግን እንደ መልስ አንቀበልም።

ለዘንድሮ ካልደረሰ ምዕራፉ ለብቻው በትንሽ በራሪ ጽሑፍ ታትሞ በሚያዝያ 27 ዝግጅት ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች ይታደል። የማተሚያውን ወጪ እኛ መምህራን ለመሸፈን ተስማምተናል። የሚያስፈልገን የእናንተ ፈቃድና ከፕሮግራሙ ላይ የ20 ደቂቃ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ተማሪዎቹ ይጠቀሙበት። አንዱ ቡድን የ1936ቱን ንግግር፣ ሌላው የ1937ቱን የሹመት ደብዳቤ ይዞ ይቅረብና ወላጆች ይጠይቋቸው።

ፖስተሩም ተመልሶ ይሰቀል። ከሥሩ ግን ጀኔቭ ምን እንዳለ፣ ለሮም ምን እንደጻፈ፣ ሜይ 2, 1945 የት እንደሄደ፣ ሦስቱም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፉበት። አምና የጠየቁንን እናት ጋብዙልንና አንብበው የሚሉትን እንስማ።

ከዚህ በኋላ ከትምህርት ጽሑፎች ላይ የሚወጣ ነገር ካለ ውሳኔው ከመምህራኑና ቢያንስ ከሁለት የወላጅ ተወካዮች ጋር በተደረገ ስብሰባ ብቻ ይወሰን። ይህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝልን እንጠይቃለን። መልሳችሁን ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር
በአማርኛና በታሪክ መምህራን ስም
ደብሊን